30 ሴንቲ ሜትር ዳገት፦ በሽቱትጋርት ተዳፋት ላይ የምሠራት ባቡር

ቅዳሜ፣ ማርች 16፣ 2024

መሬቱ ተዳፋት ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ሽቱትጋርት የተቀመጠችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። ዙሪያዋ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ላይ ወይን ይተከላል፤ ወይኑ የቆመው በድንጋይ እርከን ላይ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሲሚንቶ የለም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ አፈሩን ይይዛል። እኛ የተከራየናት የአትክልት ቦታ እዚያው ኮረብታ ወገብ ላይ ነች። እዚህ ሽሬበርጋርተን ይሏታል። ርዝመቷ 14 ሜትር፣ ወርዷ 9 ሜትር። ከላይ ትንሽ የእንጨት ቤትና አንድ የፖም ዛፍ አለ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው።

ሦስት ዓመት ጎመንና ድንች ተከልንባት። ዘንድሮ የአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ ልዘረጋባት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ አንዲት አሮጌ የኤል.ጂ.ቢ. ባቡር አገኘሁ። ሽታይንትስ የምትባለው ትንሽዋ ባለ አራት ጎማ ሎኮሞቲቭ ነች፤ ከአራት ፉርጎ ጋር። ኤል.ጂ.ቢ. ኑረምበርግ የነበረው የሌማን ፋብሪካ በ1968 ያወጣው ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለደጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ዝናብም ፀሐይም ይችላል። ሐዲዱ ናስ ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ስሠራ ነው የደነገጥኩት። የአሻንጉሊቱ ልኬት 1 ለ22.5 ነው። 45 ሚሊ ሜትሩን በ22.5 ብታባዙት አንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። አንድ ሜትር! የአዲስ አበባ ጅቡቲ የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው ያደግሁት። አባዬ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። ማታ ማታ የባቡሩን ፊሽካ ሰምተን ነበር የምንተኛው። ለካ አንድ ጀርመን ሳያስበው የኛን ሐዲድ አሳንሶ ሠርቶታል።

ለአባዬ ደወልኩ። ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ፎቶ መላክ ዋጋ የለውም፣ በቃል መንገር ነው። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መሬቱ ምን ያህል ይወርዳል?»

አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ማርች 17

አባዬ ያለኝን አደረግሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ 15 ሜትር ቀጭን ጎማ ገዛሁ። ውሃ ሞላሁበት፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር ቀስ ብዬ። አንዱን ጫፍ ከላይ ልጄ ያዘው፣ ሌላውን እኔ ከታች። ውሃው በሁለቱም ጫፍ አንድ ልክ ላይ ይቆማል። ከሱ እስከ መሬት በሜትር መለካት ብቻ ነው። የአገራችን ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበት ያው ዘዴ ነው። ትንሹ የእጅ ውሃ ልክ ለእንዲህ ያለ ርቀት አይታመንም።

ውጤቱ፦ ከላይ እስከ ታች 9 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከ90 ይወርዳል። 21 በመቶ ማለት ነው። በዓይን ስናየው እንደዚህ አይመስልም ነበር።

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ላይ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ባቡሯ ከታችኛው አጥር እስከ ቤቱ በር ድረስ እንድትወጣ ነበር። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። እንዲህ ያለች ባቡር ፉርጎ ይዛ ያለ ጭንቀት የምትወጣው ዳገት ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። 2.5 እንበል። 1 ሜትር ከ90 ለመውጣት 76 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ቦታም የለኝም። ዳገትን የሚያቀለው ርዝመት ብቻ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። «እማዬ፣ ለምን እንደ ማሪየንፕላትሱ ጥርስ አናደርግለትም?» አለኝ። ልክ ነው፤ እዚህ ከተማ ከማሪየንፕላትስ ወደ ደገርሎኽ የሚወጣ ባለ ጥርስ ባቡር አለ፤ ከ1884 ጀምሮ። መካከል ላይ ጥርስ የተዘረጋበት ሐዲድ ነው፤ ከሥር ያለው ማርሽ እሱን እየነከሰ ይወጣል። ለአሻንጉሊቱም ይሸጣል። እኔ ግን አልፈለግሁም። የኛ ባቡር ጥርስ አልነበራትም። ቀና ያለውን መሬት ፈልጋ፣ ዞራ ነው የምትሄደው።

እዚህ ላይ ድሬዳዋን ላንሳ። የመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱን ሐረር ማስገባት ነበር። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ነች። ሐዲዱን እዚያ ማውጣት ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ በተራራው ግርጌ አሳለፉት፤ በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እኔ የተወለድኩባት ከተማ የተፈጠረችው ባቡሩ ዳገቱን ስላልወጣ ነው። ታዲያ እኔስ ለምን እታገላለሁ?

ዕቅዱን ቀየርኩ። መሬቱ መሐል ላይ፣ ከተዳፋቱ አግድም የተኛ ሞላላ ዙር። ርዝመቱ 12 ሜትር። ሁለቱ ኩርባዎች አር 3 በሚባለው ሐዲድ ይሠራሉ፤ ስፋታቸው 2 ሜትር ከ40 ነው። አንድ የታች መስመር፣ አንድ የላይ መስመር።

ችግሩ እዚህ ነው። 2 ሜትር ከ40 ወርድ ላይ መሬቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የዙሩ ጠቅላላ ርዝመት 26 ሜትር ከ70 ነው። ባቡሯ በግማሹ ወጥታ በግማሹ ትወርዳለች። 13 ሜትር ከ35 ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር ማለት 3.7 በመቶ ነው። ይበዛል። የላዩን መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ብቆርጠው፣ የታችኛውን 10 ብሞላው፣ ልዩነቱ 30 ይሆናል። ከላይና ከታች ለጣቢያ ሁለት ሁለት ሜትር ሜዳ ልተው። የሚቀረው ዳገት 2.6 በመቶ ነው።

ጠባቡን ኩርባ፣ አር 1ን፣ ብጠቀም ቁፋሮው በግማሽ ይቀንስ ነበር። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና ይመጣበታል። ጠባብ ኩርባ ላይ ግን የጎማው ጠርዝ ሐዲዱን እየፋቀ ነው የሚዞረው፤ ፍትጊያው በዳገቱ ላይ ሌላ ዳገት ይጨምራል። ዶማ ማንሳት ይሻለኛል።

ቅዳሜ፣ ማርች 30

መሬት ከመቆፈሬ በፊት ወረቀቱን ማመን አልፈለግሁም። ሁለት ሜትር ከ40 የሆነ ጣውላ ላይ ሁለት ሐዲድ አሰርኩ። ከአንዱ ጫፍ ሥር መጽሐፍ እየደራረብን ሞከርን።

በ2.5 በመቶ አራቱንም ፉርጎ ይዛ ወጣች። በ3.5 ወጣች፣ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። በ4.5 ሦስተኛው ፉርጎ ሲጨመርባት ቆመች፤ ጎማዎቿ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ከጎማዎቿ በአንዱ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት አርጅቶ ኖሯል። ሲቀየር ትንሽ ተሻላት። ሐዲዱ ላይ ውሃ ስረጭ እንደገና ተንሸራተተች። አባዬ ይህን ስነግረው ደስ አለው። «ትልቁም ያው ነው» አለኝ። «ለዚህ ነው አሸዋ የሚጭነው። ዳገት ላይ ሲንሸራተት ጎማው ፊት አሸዋ ይለቃል።»

2.6 ይሁን። ተወሰነ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

የአትክልት ቦታዎቹን ማኅበር ኮሚቴ አስፈቀድኩ። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። አንደኛ፣ ኮንክሪት የሚባል ነገር መሬቱ ውስጥ አይፈስም። ሁለተኛ፣ የቦታው አንድ ሦስተኛ የሚበላ ነገር የሚበቅልበት ሆኖ ይቀጥላል። ሁለተኛው አላስጨነቀኝም፤ ሞላላው ዙር መሐል ጎመን ይተከላል፣ ባቡሯ ጎመኑን ትዞራለች። የመጀመሪያው ግን አሳሰበኝ። ሙሌቱን የሚይዝ ግንብ ያለ ሲሚንቶ መሥራት አለብኝ ማለት ነው።

ዛሬ በሲባጎና በካስማ መስመሩን አወጣን። ሲባጎው ሲወጠር ያየሁት ነገር ገረመኝ። ዓይን ተዳፋት ላይ ይሳሳታል። ሜዳ የሆነው የጣቢያው ሲባጎ ወደ ተራራው የሚወጣ ይመስላል። ልጄ «ተጣሟል» ብሎ ሙጭጭ አለ። በጎማው ውሃ ሁለት ጊዜ ለካነው። ልክ ነበር።

ቁፋሮው ከላይኛው መስመር ተጀመረ። መሐሉ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ጫፎቹ 20። የተቆፈረው አፈር በእጅ ጋሪ ወደታች ወርዶ ሙሌት ይሆናል። የሚጣል አፈር የለም፣ የሚገዛም የለም። ከሰዓት በፊት ብቻ ነው የሠራሁት፤ እዚህ ከቀትር በኋላ የዕረፍት ሰዓት አለ፣ ዶማ አይነሣም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27

ግንቡ። ስለ ግንቡ ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ከኛ በላይ ያለው ጎረቤቴ ወደ 80 የሚጠጋ ሽማግሌ ነው። በልጅነቱ የአባቱን የወይን እርከን ሲጠግን ያደገ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድርድር ድንጋይ አይቶ አፈረሰብኝ። አፈረሰና አሳየኝ።

ድንጋዩ በርዝመቱ ፊት ለፊት አይተኛም፤ በርዝመቱ ወደ ኮረብታው ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት ከተኛ ያምራል እንጂ አፈሩ ሲገፋው ይገለበጣል። መጋጠሚያው በመጋጠሚያ ላይ አይመጣም። ግንቡ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ኮረብታው ያዘነብላል። ከኋላው አፈር ሳይሆን ጠጠር ይሞላል፤ ውሃው በጠጠሩ ወርዶ በድንጋዮቹ መሐል ይወጣል። ውሃ ከኋላ የተጠራቀመበት ግንብ ዕድሜ የለውም።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቁመቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ግን ቆሜበት ዘለልኩ፤ አልተነቃነቀም።

የታችኛው መስመር በምሥራቅ በኩል ጫፉ ላይ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ግንብ ከመሥራት ድልድይ መረጥኩ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ከጥድ እንጨት። ለውበት ነው ያደረግሁት። በምዕራብ በኩል ሙሉውን በአፈር ሞላሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ነገ ፋሲካ ነው። ዶሮ ስንገነጥል ዋልን። ሥራ የለም።

ሰኞ፣ ሜይ 20

በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሐዲድ ዘረጋን።

ከሥር መጀመሪያ አረም የሚከለክል ጨርቅ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ሻካራ ጠጠር፣ ከዚያ ሐዲዱ፣ ከዚያ በተጋዳሚዎቹ መሐል ደቃቅ ጠጠር። ደቃቁ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ጠጠሩ የተሰበረ፣ ጠርዝ ያለው መሆን አለበት። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር ያምራል፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንከባለላል፤ ተዳፋት ላይ በአንድ ዝናብ ቁልቁል ይወርዳል። ጠርዝ ያለው እርስ በርሱ ይቆላለፋል።

ሐዲዱን ከመሬቱ ጋር አልቸነከርኩትም። ናስ በሙቀት ይረዝማል። ሒሳቡን አባዬ በስልክ አሠራኝ፤ እሱ በቃሉ፣ እኔ በወረቀት። ከጃንዋሪ ብርድ እስከ ጁላይ ፀሐይ የሐዲዱ ሙቀት 50 ዲግሪ ሊለዋወጥ ይችላል። 26 ሜትር ከ70 ላይ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 16 ቀጥታና 16 ኩርባ ሐዲድ አለኝ፣ 32 መጋጠሚያ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 0.8 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። አንድ የፕላስቲክ ካርድ በየመጋጠሚያው እያስገባሁ፣ እያወጣሁ ዘረጋሁት።

«አንድ ቦታ ግን እሰሪው» አለኝ አባዬ። «ዳገት ላይ ያለ ሐዲድ ይሸሻል። ሲሞቅ ወደታች ይገፋል፣ ሲበርድ ተመልሶ አይወጣም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ።» የላይኛው ጣቢያ መሐል ላይ በሁለት የብረት ካስማ አሰርኩት። ሌላው ጠጠሩ ላይ ተንሳፍፎ ይኑር።

አባዬን «አንተ» ነው የምለው። እዚህ ያሉ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ ስልክ ሳወራ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ድሬ እንደዚያ ነው፤ «አንቱ» የለም፣ አክብሮቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ሄደች!

ታችኛውን ጣቢያ «ድሬ» ብለነዋል፣ የላይኛውን «ለገሃር»። ከድሬ ተነሣች፣ ድልድዩን አለፈች፣ የምሥራቁን ኩርባ ዞራ ለገሃር ገባች። 30 ሴንቲ ሜትር ወጣች። በእውነተኛው መስመር ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ በኛ ልኬት ቢሠራ ወደ 50 ሜትር ዳገት ይሆን ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 35 ኪሎ ሜትር። ልጄ ይህን ሲሰማ የከተማውን ካርታ አውጥቶ እስከ የት እንደሚደርስ መለካት ጀመረ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። መውጣቱን ስናስብ መውረዱን ረስተነዋል። ከለገሃር ወደ ድሬ ስትወርድ ፉርጎዎቹ ከኋላ ይገፏታል። የምዕራቡ ኩርባ ላይ በፍጥነት ነው የምትገባው። በሦስተኛው ዙር የመጨረሻው ፉርጎ ወጥቶ ጎመኑ ላይ ወደቀ።

ልጄ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በጃንዋሪ 1985 አዋሽ አካባቢ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። አባዬ በዚያ ሳምንት ቤት አልገባም። ሲመለስም አልተናገረም፤ እስከ ዛሬ አይናገርም። ለልጄ ይህን ነገርኩት። ፉርጎውን ከጎመኑ ላይ አንሥቶ በሸሚዙ ጠርጎ መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆጣጠሪያውን የያዘ ሰው ለገሃር ሲደርስ ባቡሯን ያቆማል፤ ከዚያ ነው በቀስታ የሚለቃት። ሕግ ነው።

ፉርጎዎቹ ቀላል መሆናቸውም አንድ ምክንያት ነው። ከወለላቸው ሥር ጠፍጣፋ ብረት ለጠፍኩላቸው። ክብደቱ ወደ ታች ሲወርድ ሐዲዱን ያዙ።

ሰኞ፣ ጁን 3

ዝናብ። ከሐሙስ ጀምሮ አላቋረጠም። ደቡብ ጀርመን በሙሉ ጎርፍ ነው፤ ባየርንም፣ የኛው ባደን ቩርተምበርግም። ዜናው ላይ በጀልባ ከቤታቸው የሚወጡ ሰዎች ይታያሉ። የኛ ጉዳት ከዚያ አንጻር ምንም አይደለም። ቢሆንም ጽፌ ላስቀምጠው።

የምዕራቡ ኩርባ የለም። ሐዲዱ ለብቻው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥሩ ያለው ጠጠርና አፈር ታችኛው አጥር ሥር ተከምሯል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል።

ምሥራቁ ደህና ነው። ድልድዩ በነበረበት ቆሟል። ውሃው ከሥሩ አልፎ ሄዷል።

ቦት ጫማዬን አድርጌ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አየሁት። ይህ ኮረብታ አፈሩ ሸክላማ ነው፤ ሲጠግብ ውሃ አያስገባም፣ በላዩ ነው የሚያፈሰው። ከላይኛው ጎረቤት የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ ምዕራቡ ጥግ ይመጣል። እኔ እዚያ ጥግ ላይ ምን ሠራሁ? ቀዳዳ የሌለው የአፈር ሙሌት። ግድብ ማለት ነው። ውሃው ከኋላው ተጠራቀመ፤ ግድቡን ሲያልፈው ይዞት ሄደ። ግንቡን ስሠራ ከኋላው ጠጠር ሞልቻለሁ፤ የኩርባው ሙሌት ግን ግንብ አልነበረውም፣ ስለዚህ አላሰብኩበትም። ድልድዩን ለውበት ነው የሠራሁት፤ ያዳነኝ ግን እሱ ነው።

ይህ እኔን ሊያመልጠኝ አይገባም ነበር። የደቻቱ ልጅ ነኝ። ደቻቱ፣ የድሬዳዋው ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በኦገስት 2006 አንድ ሌሊት ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ተዳፋት ላይ ያለ ደረቅ መሬት የውሃ መንገድ መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ለአባዬ ስነግረው «አቦ፣ መስመሩን እኮ በየክረምቱ ነው የምንጠግነው የነበረው» አለ። «ሐዲድ የሚበላው ባቡር አይደለም፣ ጎርፍ ነው። ቱቦ ቅበሪ።»

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ጥገናው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት መሬቱ እስኪደርቅ ጠበቅን።

ከላይኛው መስመር በስተላይ፣ ቆረጣው ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ቦይ ቆፈርኩ። ከኮረብታው የሚመጣው ውሃ ሐዲዱ ጋ ሳይደርስ ቦዩ ይቀበለዋል። ቦዩ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ምዕራቡ ጥግ ላይ በሙሌቱ ሥር ሁለት ወፍራም ቱቦ አሳለፍኩ። የቱቦዎቹ መግቢያም መውጫም ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ውሃው ሲወጣ እንዳይቦረቡር። ሙሌቱን በዚህ ጊዜ በአፈር አልሠራሁትም፤ ሻካራ ጠጠር ብቻ፣ ውጪው በድንጋይ ተሸፍኖ።

ጎረቤቴ ሳይጠየቅ መጥቶ የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ደረደረ። እንጀራ በሽሮ ሰጠሁት፤ በእጁ በላ።

ከዚያ 200 ሊትር የዝናብ ውሃ በርሜል ከላይ ገለበጥንበት። ልጄ ከታች ሆኖ ሰዓት ያዘ። ውሃው በቱቦው ወጣ። ጠጠሩ አልተነቃነቀም። ለትልቅ ዝናብ ፈተና ይበቃል አልልም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ትንንሽ ነገሮች፣ እንደመጡ።

ቀንድ አውጣ። ማታ ማታ ሐዲዱ ላይ ይሄዳሉ። ልጋጋቸው ሐዲዱን ያለሰልሰዋል፤ ጠዋት ባቡሯ ዳገቱ ላይ ትንሸራተታለች። ከመነሣታችን በፊት ሐዲዱን በጨርቅ መጥረግ ግድ ሆኗል።

ኤሌክትሪክ። ገመዱ የገባው ድሬ ላይ ብቻ ነበር። ለገሃር ስትደርስ ትደክማለች። ለካሁት፤ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው 20 ቮልት፣ ለገሃር ላይ 16.5 ነው። በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይጠፋል። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ጉልበት በሚያስፈልግበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛ ገመድ በቀጥታ ለገሃር ድረስ ወሰድኩ። መጋጠሚያዎቹን ከፍቼ ግራፋይት ያለበት ቅባት ቀባሁ። አሁን 19.5 ነው። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ገመዱን ከላይ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ እኔ ያደረግሁት ግልባጩን ነበር።

ጎመኑ ደርሷል። ጤና አዳምና በሶብላ የላይኛው ግንብ ሥር ተክያለሁ። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ በሶብላው እዚያ ነው ያማረበት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ኦቶራይ እየሠራሁ ነው። ከአንድ አሮጌ ፉርጎ ሥር፣ ከቀጭን ጣውላ። የድሬ ልጅ ኦቶራይ ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለማያውቅ፣ የራሱ ሞተር ያለው የመንገደኛ ፉርጎ ነው። ፊቱ አስቸገረኝ። አባዬ መስኮቶቹን በቃሉ ይነግረኛል፤ ስንት እንደሆኑ፣ የቱ ጋ እንደሚጠብብ። ቀለሙን ግን ዛሬ አንድ ይለኛል፣ ነገ ሌላ። ሁለቱንም ጽፌ ይዣለሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ስለዋለ ዛሬ ነው ቤተሰቡ የተሰበሰበው። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። ባቡሯ ከጠዋት እስከ ማታ ሄደች። አንድም ፉርጎ አልወደቀም።

አመሻሽ ላይ፣ እንግዳው ሲሄድ፣ ለአባዬ ደወልኩ። ስለ ልጆቹ ነገርኩት። ከዚያ «ስልኩን ሐዲዱ አጠገብ አስቀምጪው» አለኝ።

ምዕራቡ ኩርባ ላይ፣ ከቱቦዎቹ በላይ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ባቡሯን ከለገሃር አስነሣት። በቀስታ። እኔ ርቄ ቆምኩ። ጎማዎቹ መጋጠሚያ ሲያልፉ ትንሽ ድምፅ አላቸው፤ ታክ ታክ፣ ታክ ታክ። አንድ ዙር። ሁለት። አባዬ አይናገርም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፁን ሰማሁት፣ ሄጄ ስልኩን አነሣሁ።

«ከስልኩ በኋላ ሁለተኛው» አለኝ። «እሱ ሰፍቷል።»

የፕላስቲክ ካርዱን ይዤ ተንበረከክሁ። ከስልኩ በኋላ ሁለተኛው መጋጠሚያ። ካርዱ ገባ። ሁለተኛ ካርድ ጨመርኩ፤ ገባ። ሦስተኛውም ገባ። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከጁን ጥገና በኋላ ያንን ሐዲድ በደንብ አልቆለፍኩትም ነበር።

«ስንት ነው?» አለ።

ነገርኩት። ካቻቢቴ እስካመጣ ስልኩን አልዘጋም።